ብረት የሚቆርጠው ሽቦ ከምን ቢሠራ ይሻላል?

ቤትዎ የአሉሚኒየም መስኮት ካለው አንድ ጊዜ ከፍተው ፍሬሙን ልብ ብለው ይዩት። መስተዋቱ የሚገባበት ቦይ አለው። ጎማው የሚያዝበት ጥርስ አለው። የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቀጭን መስመር አለው። የፍሬሙ ግድግዳ ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ይህ ቅርጽ በመዶሻ አልወጣም። አሉሚኒየሙ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ከዚያ በከባድ ግፊት ቅርጽ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ተገፍቶ ይወጣል፤ ሊጥ በፓስታ ማሽን ተጨምቆ እንደሚወጣው ማለት ነው። ቀዳዳው ያለበት ብረት ዳይ ይባላል። ትኩስ አሉሚኒየም ሲመላለስበት ቶሎ እንዳይበላ አስቀድሞ በሙቀት ይጠነክራል።

ታዲያ ይህን የጠነከረ ብረት በዚያ ጠባብ መስመር ምን ቆረጠው? ድሪል ክብ ቀዳዳ እንጂ ሌላ አያወጣም። የፍሬዛ ቢላ ጠባቡ ጥግ ውስጥ አይገባም። መጋዝ ደግሞ በእንዲህ ያለ ብረት ላይ ጥርሱን ይጨርሳል። ሥራውን የሚሠራው ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ነው።

ባለሙያዎቹ ይህን ሥራ ባጭሩ ዋየር ከት ይሉታል። ሙሉ ስሙ ዋየር ኢዲኤም ነው፤ በሽቦና በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት መቁረጥ ማለት ነው። ስለ ማሽኑ ብዙ ይወራል። ስለ ሽቦው ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀው የኪሎውን ዋጋ ብቻ ነው። እኔ ሽቦው ከማሽኑ እኩል ሊታሰብበት ይገባል ባይ ነኝ። ለምን እንደምል አንድ በአንድ ላሳይዎት።

ሽቦ እንዴት ብረት ይቆርጣል?

ትልቅ ሳሙና በክር ሲቆረጥ አይተው ይሆናል። ክሩ ሳሙናውን እየተጫነ ይሰነጥቀዋል። የኛ ሽቦ ግን እንደዚያ አይደለም። ብረቱን ጨርሶ አይነካውም። በሽቦውና በብረቱ መካከል የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጥቂት እጅ የሚሆን ክፍተት ሁልጊዜ ይቀራል። ማሽኑም ይህን ክፍተት እየተቆጣጠረ ነው የሚነዳው።

ሽቦው በአንድ የኤሌክትሪክ ጫፍ ላይ፣ የሚቆረጠው ብረት በሌላኛው ጫፍ ላይ ይታሰራል። በመካከላቸው ውሃ ይፈስሳል። ውሃው ተራ የቧንቧ ውሃ አይደለም። ኤሌክትሪክ በቀላሉ እንዳያስተላልፍ ጨውና ማዕድኑ ተጣርቶለታል፤ ዲአዮናይዝድ ውሃ ይባላል። የኤሌክትሪኩ ግፊት ሲበረታ ውሃው መቋቋም ያቅተዋል። በዚያች ቅጽበት ብልጭታ ይዘላል።

ብልጭታው የሚቆየው የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ሙቀቱ ግን ወደ 10,000 ዲግሪ ይጠጋል። ይህን የሚችል ብረት የለም። ብልጭታው ያረፈበት ቦታ ቀልጦ፣ ከፊሉም ተንኖ፣ በዓይን የማትታይ ጉድጓድ ትቀራለች። ውሃው ፍርፋሪውን ጠርጎ ይወስዳል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ጉድጓዶቹ ሲደማመሩ መስመር ይሆናሉ፤ ሽቦውም በመስመሩ ይገባል።

ስለዚህ የብረቱ ጥንካሬ እዚህ ቦታ የለውም። የጠነከረውም ያልጠነከረውም ይቀልጣል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቆረጠው ነገር ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አለበት። እንጨት፣ ብርጭቆና ተራ ፕላስቲክ በዚህ መንገድ አይቆረጡም።

የዘዴው አመጣጥ ራሱ ደስ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦሪስ እና ናታሊያ ላዛሬንኮ የተባሉ ባልና ሚስት የሶቪየት ሳይንቲስቶች የኤሌክትሪክ መገናኛ ጫፎች በብልጭታ ለምን እንደሚበሉ ያጠኑ ነበር። የሚፈልጉት ጉዳቱን ማስቆም ነበር። ጫፎቹን ዘይት ውስጥ ሲነክሯቸው ግን ብልጭታው ይበልጥ የተስተካከለ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1943 ነገሩን ገለበጡት፤ ብረት የሚበላውን ብልጭታ ብረት መቅረጫ አደረጉት። በኮምፒውተር ቁጥር የሚነዱ የሽቦ ማሽኖች ገበያ ላይ የወጡት ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይተው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሽቦውስ ራሱ አይበላም?

ይበላል። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ብልጭታ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ብረቱን ሲነክስ ሌላው ሽቦውን ይነክሳል። ሽቦው ቆሞ ቢጠብቅ ወዲያው ተበልቶ ይበጠሳል።

ለዚህ ነው ሽቦው የማይቆመው። ከላይ ካለው ጥቅል እየተፈታ፣ በብረቱ በኩል አልፎ፣ ከታች ይወጣል። በደቂቃ 10 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንዴ ያለፈ ሽቦ ተመልሶ አይሠራም። በጣትዎ ቢዳስሱት ሸካራ ሆኗል፤ በማጉያ መነጽር ቢያዩት በጉድጓድ ተሞልቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሽቦ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ እንይ። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩን ሳይደክም ማድረስ አለበት። ሁለተኛ፣ ተወጥሮ ሲጎተት መበጠስ የለበትም፤ ከላላ ይንቀጠቀጣል፣ ቁርጡም ይጣመማል። ሦስተኛው የሚገርመው ነው። ሽቦው እሳቱን መቋቋም ሳይሆን ለእሳቱ አንድ ነገር መስጠት አለበት። የዚህን ምሥጢር ለማግኘት ሙያው ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዶበታል።

በመዳብ ተጀመረ

መጀመሪያ የተመረጠው መዳብ ነበር። ምርጫው ተገቢ ይመስላል፤ ከተራ ብረቶች መካከል ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ መዳብን የሚያህል የለም። በቀጭኑም ይሳባል። በየኤሌክትሪክ ዕቃው ውስጥ ስላለም እንደ ልብ ይገኝ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ከዳው። የመጀመሪያው ጉልበት ነው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ በተለይ ሲሞቅ ቶሎ ይለጠጣል። ስለዚህ ጠበቅ አድርጎ መወጠር አይቻልም፤ ኃይሉ ሲጨመርም ይበጠሳል።

ሁለተኛው አፈላሉ ነው። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል። ተንኖ የሚሄደው ግን 2,560 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ብልጭታው ሲመታው መዳቡ ቀልጦ ጠብታ ይሆናል እንጂ እንደ ልብ አይተንም። ጠብታዎቹ ተመልሰው ይረጋሉ። ጠባቡን ክፍተት ይዘጉታል፤ አንዳንዶቹም በሽቦውና በብረቱ መካከል ድልድይ ይሆናሉ። ያኔ ብልጭታው አይዘልም፣ ዝም ብሎ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሽቦውም ግሎ ይበጠሳል።

ነሐስ ለምን አሸነፈ?

በ1970ዎቹ መጨረሻ ነሐስ መዳብን ተካ። እዚህ ላይ ነሐስ የምለው መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠራውን ቢጫ ብረት ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 63 ወይም 65 እጅ መዳብ ሲሆን የቀረው ዚንክ ነው።

ነሐስ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ የመዳብን ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ታዲያ እንዴት ይሻላል? ብለው ቢጠይቁ ትክክል ነዎት። መልሱ ዚንኩ ዘንድ ነው።

ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ለብልጭታ ይህ ምንም አይደለም። ብልጭታው ሲመታ ዚንኩ ወዲያው ተንኖ ይወጣል። ድስት ላይ ያለውን ውሃ ያስቡ። ውሃ እስካለው ድረስ ድስቱ አያርም፤ ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ማረር የሚጀምረው ውሃው ሲያልቅ ነው። ዚንክም ለሽቦው እንደዚያ ውሃ ነው። እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል፣ የሽቦው ልብ ሳይግል ያልፋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ዚንኩ በድንገት ወደ ጋዝ ሲለወጥ ይሰፋል። ያ ትንሽ ፍንዳታ በክፍተቱ ውስጥ ያለውን ፍርፋሪ ይገፋዋል። የሚቀረውም ትልቅ ጠብታ ሳይሆን ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ውሃው በቀላሉ ያጥበዋል። ክፍተቱ ሲጸዳ ቀጣዩ ብልጭታ በትክክል ይዘላል። ፍጥነት የሚባለው ይኸው ነው፤ ከሚዘሉት ብልጭታዎች ውስጥ ብዙዎቹ ሥራ ሲሠሩ ማለት ነው።

በጉልበትም ነሐስ ይበልጣል። ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ የነሐስ ሽቦ ቀዝቃዛ ሳለ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ቢያንጠለጥሉበት ይችላል። የመዳቡ ሽቦ የዚህን ግማሽ እንኳ መሸከም ይከብደዋል።

ዚንኩ ቢጨመርስ?

ዚንክ እንዲህ ጥሩ ከሆነ 50 እጅ፣ 60 እጅ አድርጎ መቀላቀል ነው እንጂ ሊሉ ይችላሉ። አይቻልም። ሽቦ የሚሠራው ወፍራሙን ብረት እየጠበበ በሚሄድ ቀዳዳ ውስጥ ደጋግሞ በመሳብ ነው። የዚንኩ መጠን ወደ 40 እጅ ሲጠጋ የነሐሱ ውስጣዊ አደረጃጀት ይለወጣል፤ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። ሲሳብ ይሰነጠቃል። የተራ ነሐስ ሽቦ ከ37 እጅ ገደማ ወደ ላይ የማይወጣው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ብልኅነት የተሞላበት ነው። ልቡን ነሐስ አድርገው ቆዳውን ዚንክ አለበሱት። ጉልበቱን ልቡ ይሸከማል፤ ብልጭታውን ቆዳው ይቀበላል። ይህ ባለልባጥ ሽቦ ይባላል።

በጣም ቀላሉ ንጹሕ ዚንክ የተለበጠው ነው። ቀለሙ ወደ ብር ያደላል፤ ከቢጫው ነሐስ በዓይን ይለያል። ንጹሑ ዚንክ ግን ቶሎ ስለሚቀልጥ በረጅም ብረት ውስጥ ሲያልፍ መንገድ ላይ ያልቃል። የጸዳ ገጽ ለሚፈለግበት የማስተካከያ ዙር ግን ጥሩ ነው።

ሌላው ዓይነት ከተለበጠ በኋላ በምድጃ ይሞቃል። ዚንኩ ወደ ነሐሱ ይሰርጋል፤ ነሐሱም ወደ ዚንኩ። ግማሽ በግማሽ የሆነ ድብልቅ ቆዳ ይፈጠራል፤ ባለሙያዎች ቤታ ይሉታል። ዚንኩ ወደ 65 እጅ የሚደርስበት ሌላ ዓይነት ጋማ ይባላል። እነዚህ ቆዳዎች ከንጹሕ ዚንክ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚቀልጡ ቶሎ አያልቁም፤ ሽቦው ከላይ እስከ ታች እስኪያልፍ ዚንክ ይተርፋቸዋል። ተሰባሪነቱም እዚህ ችግር አይሆንም፤ ቆዳው ቢሰነጠቅ ልቡ ይዞታል። እንዲያውም የተሰነጠቀው ሸካራ ገጽ ውሃን ወደ ክፍተቱ ያስገባል።

ባለልባጥ ሽቦ ምን ያህል ያፈጥናል? በማሽኑ፣ በብረቱ ውፍረትና በውሃው አፈሳሰስ ይለያያል። ሻጮች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይላሉ። አሮጌ ማሽን ግን የልባጡን ጥቅም ላያወጣው ይችላል። ለዚያ ሽቦ የሚስማማ የኤሌክትሪክ ቅንብር ከሌለው ውዱን ሽቦ ከርካሹ እኩል ያሠራዋል።

ሥራው ስንት ሽቦ ይበላል?

ይህን በእርሳስና በወረቀት ማስላት ይቻላል። ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር የነሐስ ሽቦ 0.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። ማሽኑ በደቂቃ 10 ሜትር ከሳበ በሰዓት 600 ሜትር ይሆናል። ያ ሩብ ኪሎ ነው። ስለዚህ ባለ5 ኪሎ ጥቅል 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። አዳሩን ለሚሠራ ማሽን ይህ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የማስቀምጣቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው። የማሽኑ አንድ ሰዓት 1,500 ብር ያስገባል እንበል። ተራው ነሐስ በኪሎ 1,800 ብር፣ ባለልባጡ 2,700 ብር ይሁን። ልዩነቱ ግማሽ ያህል ነው፤ ገዢን የሚያስደነግጥ ነው።

አንድ ዳይ በተራው ሽቦ 10 ሰዓት ይፈጃል። ማሽኑ 15,000 ብር፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ሽቦ 4,500 ብር። ድምሩ 19,500። በባለልባጡ 8 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ማሽኑ 12,000፤ ሁለት ኪሎ ሽቦ 5,400። ድምሩ 17,400። ውዱ ሽቦ 2,100 ብር አተረፈ። ሁለት ሰዓትም ለሌላ ሥራ ተረፈ።

ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ወረፋ የሌለበት፣ ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆሞ የሚውልበት ቤት ያስቡ። ያኔ የተረፈው ሁለት ሰዓት የሚሸጥለት የለም። የሰዓቱን ዋጋ ለመብራትና ለአነስተኛ ወጪ ብቻ 300 ብር ያድርጉት። ተራው ሽቦ 3,000 ሲደመር 4,500፤ 7,500 ብር። ባለልባጡ 2,400 ሲደመር 5,400፤ 7,800 ብር። አሁን ርካሹ ሽቦ አሸነፈ።

ሽቦው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረፋው ነው። «የትኛው ሽቦ ይሻላል?» ለሚል ሰው «ማሽንህ ሥራ ይጠብቃል ወይስ ሥራ ማሽንህን ይጠብቃል?» ብዬ መልሼ የምጠይቀው ለዚህ ነው። የኪሎ ዋጋ ብቻ አይቶ መግዛት ሥራ በበዛበት ቤት ኪሳራ ነው። ማስታወቂያ ብቻ አይቶ ውዱን መግዛትም ሥራ በሌለበት ቤት እንዲሁ ኪሳራ ነው።

ሽቦ ሲበጠስ የሚጠፋውንም አይርሱ። እንደገና መሰካት፣ ወደ ቦታው መመለስ፣ አንዳንዴም በተበጠሰበት ቦታ የሚቀር ምልክት ማጥፋት አለ። ሌሊት ሰው በሌለበት ከተበጠሰና ማሽኑ ራሱ መልሶ መሰካት ካልቻለ እስከ ጠዋት ይቆማል። በዚያ ሌሊት በኪሎ ያተረፉት ብር ሁሉ ይሄዳል።

የቻይናው ማሽንና ሞሊብዲነም

እስካሁን ያወራነው ሽቦውን አንዴ ተጠቅሞ ስለሚጥለው ማሽን ነው። ሌላ ዓይነት አለ። በቻይና የተስፋፋው፣ ዋጋውም በብዙ የሚቀንሰው ማሽን ሽቦውን ይመላልሳል። ከበሮ በመሰለ ጥቅል ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ሽቦ ይጠመጠማል። ከበሮው ወዲያና ወዲህ እየዞረ በሴኮንድ 10 ሜትር ገደማ ይስበዋል። በውሃ ፋንታ ሳሙና የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይፈስስበታል።

እዚህ ነሐስ አይሆንም። አንድ ቦታ ደጋግሞ የሚነከስ ሽቦ ጉዳቱን መቻል አለበት። ስለዚህ ሞሊብዲነም ይገባል። በ2,620 ዲግሪ ገደማ ነው የሚቀልጠው፤ ጉልበቱም ከጠንካራ ነሐስ እጥፍ ያህል ነው። 0.18 ሚሊ ሜትር የሆነው የሞሊብዲነም ሽቦ የተቆረጠ ጫፉ ስፋት ከሩብ ሚሊ ሜትሩ ነሐስ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ የሚሸከመው ግን ቢያንስ እኩል ነው።

ይህ ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ነሐሱ የሚያሸንፈው በመቋቋም ሳይሆን ቶሎ በመትነን ነው ብያለሁ፤ ሞሊብዲነም ደግሞ በመቋቋም ይኖራል። ልዩነቱ የሽቦው ዕድሜ ነው። አንዴ አልፎ የሚጣለው ሽቦ ቆዳውን ቢሰጥ ግድ የለውም፤ አዲሱ ከኋላው እየመጣ ነው። ተመልሶ የሚመጣው ሽቦ ግን የሰጠውን አያገኘውም።

ወጪው እጅግ ይቀንሳል። አንድ ጭነት ሽቦ ለብዙ ሰዓታት ይሠራል። የሚከፈለው በጥራት ነው። ሽቦው እየሳሳ ስለሚሄድ የጠዋቱና የማታው ልኬት አንድ አይሆንም። ከበሮው አቅጣጫ በቀየረ ቁጥርም ብረቱ ላይ ጭረት የመሰለ መስመር ሊቀር ይችላል። ለማሽነሪ መለዋወጫ ወይም ለቀላል መቁረጫ ዳይ ይበቃል። ልኬቱ በሺህኛ ሚሊ ሜትር ለሚጠየቅ ሞልድ ግን አይበቃም።

ተንግስተንም አለ። ከብረቶች ሁሉ በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጠው እሱ ነው፤ 3,422 ዲግሪ። ከጸጉር ለቀጠነ ሽቦ ይመረጣል፤ ያን ያህል ቀጥኖ ሳይበጠስ የሚወጠር ሌላ እምብዛም የለምና። ደቃቅ ጥርስና ቀጭን ጥግ የሚቆረጠው በሱ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ አስገዳጅ ሥራ ካልመጣ ማንም አይነካውም።

ጠንካራ ወይስ ለስላሳ?

አንድ ዓይነት ነሐስ በተለያየ ጥንካሬ ይሸጣል። ጠንካራው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማሽኑ ራሱ በቀዳዳ ውስጥ ሲሰካው አይጠማዘዝም። ለአብዛኛው ሥራ የሚገዛው ይህ ነው።

ቁርጡ ዘንበል የሚል ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ሽቦው ከላይና ከታች በሁለት የአልማዝ ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ መሪ ይባላሉ። ለዘንባላ ቁርጥ ላይኛው መሪ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሽቦው በቀለበቱ አፍ ላይ መታጠፍ አለበት። ጠንካራ ሽቦ እንደ ስፕሪንግ አልታጠፍም ይላል፤ በቀለበቱ አፍ ላይ ጎብጦ ይወጣል። ያኔ ኮምፒውተሩ ሽቦው አለ ብሎ የሚያስበው ቦታና ሽቦው በእውነት ያለበት ቦታ ይለያያሉ። ዘንባላው ከ7 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ለስላሳ ሽቦ መጠቀም ይሻላል። ለስላሳውን ለመሰካት ብዙ ጊዜ እጅ ያስፈልጋል፤ ሥራው ግን ልኬቱን ይጠብቃል።

ውፍረቱስ? ሽቦው ሲወፍር ብዙ ኃይል ይሸከማል፣ ቶሎም ይቆርጣል። ግን የውስጥ ጥግን የሚወስነው የሽቦው ውፍረት ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ከግማሽ ውፍረቱና ከብልጭታው ክፍተት ያነሰ ጥግ ማውጣት አይችልም። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ሥዕሉ የሚጠይቀውን ጥግ አይቶ መግዛት ነው።

ሽቦው ብረቱ ላይ ምን ይተዋል?

ይህን ጥያቄ ጥቂት ሰው ነው የሚያነሣው። ብልጭታው ካቀለጠው ብረት ውስጥ ውሃው ያልጠረገው ጥቂቱ እዚያው ተመልሶ ይረጋል። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ስንጥቅ የሚወድ ቆዳ ይሆናል። በውስጡም ከሽቦው የመጣ መዳብና ዚንክ ይገኛል።

ለመስኮት ዳይ ይህ ብዙም አያሳስብም። በማስተካከያ ዙሮች ይቀንሳል፤ የቀረውም በማለስለስ ይሄዳል። የማስተካከያ ዙር ማለት ማሽኑ ኃይሉን ቀንሶ በዚያው መስመር እንደገና ሲያልፍ ነው። ሰው አጥንት ውስጥ ለሚገባ የታይታኒየም ዕቃ ወይም ለአውሮፕላን ሞተር ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ደንበኛው ቆዳው ሙሉ በሙሉ እንዲወገድ ወይም መዳብና ዚንክ የሌለበት ሽቦ እንዲሠራበት ሊጠይቅ ይችላል። ሞሊብዲነም በዚህም በኩል ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ሽቦ ከመጫንዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከቆረጡ በኋላ ማወቁ አይጠቅምም።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

ባለልባጥ ሽቦ ሲገዙ ጥቂት ሜትር ሳብ አድርገው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣቶችዎ መካከል ያሳልፉት። ጨርቁ ላይ ብዙ ብናኝ ከቀረ ልባጡ እየረገፈ ነው። ያ ብናኝ መሪዎቹ ውስጥ ገብቶ ይዘጋቸዋል፤ ሽቦውም ያለ ምክንያት የሚበጠስ ይመስላል። አንዳንድ የጋማ ሽቦ በተፈጥሮው ትንሽ ይበንናል፤ የሚያሳስበው ሲበዛ ነው።

የተከፈተ ጥቅል እርጥበት አይወድም። ዚንኩ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ይጠቁራል፣ ኤሌክትሪክም በደንብ አይቀበልም። በመጣበት ፕላስቲክ፣ ከነእርጥበት መጣጩ ከረጢት፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ክረምት ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያለቀውን ሽቦ አይጣሉት። መዳብና ዚንክ ነውና የቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ይወስደዋል። ከሌላ ብረት ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻው በጆንያ ያጠራቅሙ፤ የተቀላቀለ ዋጋው ይወርዳል። የሞሊብዲነሙንም ለብቻ ይያዙ። የማሽኑን ዝቃጭ ግን ፍሳሽ ውስጥ አይድፉ፤ መዳብና ዚንክ ለወንዝ መርዝ ነው።

በሁለት ሽቦ መካከል መምረጥ ከተቸገሩ ሻጩን ሁለት ትንንሽ ጥቅል ይጠይቁ። በቤትዎ በብዛት የሚቆረጠውን ብረት፣ በተለመደው ውፍረቱ፣ በአንድ ማሽን ላይ ያስሩ። በሁለቱም ሽቦዎች እኩል ርዝመት ይቁረጡ፤ ሰዓት ይያዙ። ማሽኑን ለእያንዳንዱ ሽቦ በሚስማማው ቅንብር ያስተካክሉ፤ አለዚያ ፈተናው ፍርድ አይሆንም። ስንቴ እንደተበጠሰ ይጻፉ። የሄደውን ሽቦ በሚዛን ይመዝኑት። ከዚያ ከላይ ያሳየሁዎትን ስሌት በራስዎ የሰዓት ዋጋ ይሥሩት፤ አንድ ጊዜ ወረፋ ሲኖር፣ አንድ ጊዜ ወረፋ ሳይኖር።